ሶሲ ያጣበቀችው በር

ችግሩ በሩ ነበር።

የአራት ዓመቷ ሶሲ ማታ አልጋዋ ላይ ከወጣች በኋላ ዓይኗን ከቤቱ በር ላይ አትነቅልም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ነፋስ መዝጊያውን ሲነቀንቅ፣ ጎረቤት የእግር ውሃ ሲደፋ፣ ለእሷ ሁሉም ያው ነው፤ ሰው መጣ ማለት ነው። ብድግ ትላለች። አባቷ ኢሳይያስ አቅፎ ፊቷን ወደ ግድግዳው ቢያዞራት መልሳ ትዞራለች። አባበላት፤ አልሆነም። ተረት አወራላት፤ በጆሮዋ እየሰማች በዓይኗ በሩን ትጠብቃለች። ተቆጣት፤ ተቆጥቶ ራሱ አለቀሰ። እንቅልፍ የሚጥላት እንደ ዘበኛ ቁጭ እንዳለች ነው። ጠዋት አንገቷ ተጣሞ፣ ዓይኗ አብጦ ትነሳለች።

እናቷ ሔርሜላ የወጣችው በዚያ በር ነው። ሆዷን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ የባሏ ታላቅ እህት እትዬ የሺሃረግ ደግፈዋት፣ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና «ሶሲዬ፣ መጣሁ» አለች። አምቡላንስ ወደ ጅማ ወሰዳት። በሕይወት አልተመለሰችም። አስከሬኗ የሚኖሩባትን ቦንጋን አልፎ ተወልዳ ወዳደገችበት ወደ ደካ ሄደ፤ እዚያው ተቀበረች።

ኢሳይያስ ከቀብር ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ሶሲ «እማዬስ?» አለችው።

«ደካ ናት» አላት። «አያትሽ ጋ።»

በዚህ ከመፍረዳችን በፊት ልማዱን እንይ። በእኛ ዘንድ ሞት እንደ ሌላ ወሬ በየመንገዱ አይነገርም። ዘመዱ የሞተበት ሰው ሩቅ ከሆነ፣ ወይም ሰውነቱ ደካማ ከሆነ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ መርዶ እስኪነገረው ድረስ አገር ሁሉ አፉን ይይዛል። ያወቀ ሰው እንዳላወቀ ይሆናል። ይህ ተንኮል አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። ለሕፃን ሲሆን ደግሞ ቀኑ አይቆረጥም። «ሲያድግ ይነገረዋል» ይባላል። ስለዚህ ማንም ሳያዝዘው ሰፈሩ ሁሉ ተስማማ። ለቅሶ የሚመጡ ሴቶች ሶሲ ስትገባ እንባቸውን ጠርገው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። እትዬ የሺሃረግ ማልቀስ ሲያምራቸው ሽንኩርት ይከትፋሉ።

ኢሳይያስ መናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የላሚኔሽን ሱቅ አለችው። የሠርግ ካርድ ያዘጋጃል፣ ምስክር ወረቀት በፕላስቲክ ያሽጋል፣ ጥራዝ ይጠርዛል። ወረቀት እጁ ላይ ይታዘዝለታል። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ የሠርግ ካርድ እያጠፈ ሳለ አንድ ነገር ታየው። ካርዱ ሲታጠፍ የሙሽሮቹ ስም ይደበቃል፤ ሲገለጥ ይታያል። ልጅቷ ዓይኗን ከበር ላይ ካላነሳች፣ አለ ለራሱ፣ ሌላ በር ልስጣት። እጇ ውስጥ የሚገባ በር።

አሁን የሚከፈት ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ነገሩ ሲያዩት ቀላል፣ ሲሠሩት ደስ የሚል ጥበብ ነው። ገጹ ላይ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ በላይ በአንድ ጎኑ ብቻ የተያያዘ ሌላ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ ክዳን እንበለው። ልጅ ክዳኑን ሲያነሳ ከሥር የተደበቀው ይታያል። ምስጢሩ ሁሉ ያለው ክዳኑ ከገጹ ጋር በሚጋጠምባት በቀጭኗ መስመር ላይ ነው። ኢሳይያስ መጀመሪያ ወረቀቱን ራሱን አጠፈው፤ የልጅ እጅ ጉልበቱ ብዙ ነውና ወዲያው ተቆረጠ። ቀጥሎ ፕላስተር ለጠፈ። የቦንጋን እርጥበት የሚያውቅ ሰው የሆነውን ይገምታል፤ ፕላስተሩ ጫፍ ጫፉ ተነሳ፣ የብርድ ልብስ ጸጉር ሰበሰበ፣ ከዚያ ጭራሹን ለቀቀ። በመጨረሻ አቡጀዲ ጨርቅ በቀጭኑ ቀደደና ግማሹን ከክዳኑ፣ ግማሹን ከገጹ ጋር በኮላ አጣበቀ፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶኖችን ጭኖበት አሳደረው። ያዘ! ጨርቅ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም።

ሁለተኛው ጠላት ዝናቡ ነበር። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጠቀለላል። ላሚኔት ማድረግ ይረዳል፤ ግን ፕላስቲኩን ከወረቀቱ እኩል አድርገው ከቆረጡት በጠርዙ በኩል ውሃ ይገባል። ስለዚህ ዙሪያውን ጥቂት ባዶ ፕላስቲክ መተው ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ፕላስቲኮች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ወረቀቱን እንደ ቆዳ ይሸፍኑታል። እንዲህም ሆኖ አንዳንድ ክዳን ይንጋደድና አልከፈት ይላል። ለዚህ ኢሳይያስ ለሶሲ ዘዴ አስተማራት። «በደንብ ዝጊውና እንደገና ክፈቺው።» እሷም በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ትጫንና፣ ትጠብቅና፣ ትከፍተዋለች። ይሠራል።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትልቅ የእንሰት ቅጠል ነበር፤ ሲነሳ ከሥሩ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋለች። ሁለተኛው ላይ ከቅርንጫፍ ነጭ ጭራ ተንጠልጥሏል፤ ቅጠሉን ሲያነሱት ጉሬዛ። ሦስተኛው አይነሳም፣ ይጎተታል፤ ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፣ ከገጹ ጠርዝ የወጣችውን የካርቶን ምላስ ሲጎትቱ ንቧ ብቅ ትላለች። አራተኛው ባጃጅ ነው። የሸራ መጋረጃው ሲገለጥ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ፍየል እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

ሶሲ ፍየሉን ስታይ የሳቀችው ሳቅ እናቷ ከሄደች ወዲህ በቤቱ ያልተሰማ ነበር። በሚቀጥለው ማታ ከመክፈቷ በፊት በጣቷ ሸራውን አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ኢሳይያስ በፍየል ድምፅ።

«እኔ ነኝ፤ ሶሲ።»

«ቦታ የለም! ሞልቷል!»

«ብቻህን ነህ እኮ!»

«ቀንዴስ? ቀንዴ አይቀመጥም?»

እትዬ የሺሃረግ ከጓዳ ሰሙ። «ጉድ ነው!» አሉ። «ፍየል በባጃጅ ይሄዳል፤ እኔ ገበያ ደርሼ የምመለሰው በእግሬ!»

ሶሲ በሳቅ ተንከባለለች። ያን ጊዜ ኢሳይያስ አንድ ነገር አስተዋለና እጁ ገጹ ላይ ቀረ። ልጅቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታለች። ማንም ሳያዞራት።

ምክንያቱን ሲያስቡት ግልጽ ነው። ተረት ጆሮን ብቻ ይወስዳል፤ ዓይን ነፃ ሆኖ ወደፈለገበት ይሄዳል። የሚከፈት መጽሐፍ ግን እጅ ይፈልጋል። እጅ ወደሄደበት ዓይን ይከተላል፣ ዓይን ወደሄደበት አካል ይዞራል። ደግሞም ልጅ ራሱ የከፈተውን ማንም አሳየኝ አይልም፤ እኔ አገኘሁት ይላል። ያገኘ ልጅ ይረካል፤ የረካ ልጅ ይተኛል። ሶሲ መጽሐፉ ሳያልቅ መተኛት ጀመረች። ጎረቤቶች ሰምተው «ለእኛም ሥራልን» አሉ፤ ሠራላቸው። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አልጋ ለአልጋ ሲዞር ማየት የሚያስደስት ነገር ነበር።

ከዚያ አንድ ማታ ሶሲ ፍየሉን ዘግታ ቀና አለች። «እማዬስ? የትኛው ውስጥ ናት?»

ኢሳይያስ ብርድ ልብሱን ሳበላት። «ነገ» አላት።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ዋለ። የመጨረሻውን ገጽ ሠራ። የሠራው ደካ ያለውን የሔርሜላን እናት የእማማ ዘርትሁንን ቤት ነው፤ ሽማግሌ የላከበትን፣ ሙሽራዋን የተቀበለበትን ቤት። በሩ ሰማያዊ የእንጨት በር ነው፤ ከታች በኩል ውሻ እየቧጨረው ቀለሙ ተልጧል። መላጣውን እንኳ አልተወም። ከበሩ ጀርባ ሔርሜላን ከፎቶዋ እያየ ሣላት፤ ቢጫ ሹራቧን ለብሳ፣ ተቀምጣ፣ እጆቿን ዘርግታ። ከሥራው ሁሉ እንደዚያ በር የተዋጣለት የለም። ሲከፈት አይንቋቋም፤ ሲዘጋ ክፈፉ ውስጥ ልክ ይገባል።

ማታ ሶሲ አንኳኳች። ኢሳይያስ «ማነው?» ማለት አቃተው። እሷ ከፈተች።

«አለች!» ብላ ጮኸች። «አባዬ፣ አለች!»

«አለች» አለ። ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ደህና እደሪ፣ ሶሲዬ።»

ጣቷን ቢጫው ሹራብ ላይ አድርጋ ተኛች።

እትዬ የሺሃረግ የጓዳውን መጋረጃ ይዘው ቆመው ነበር። «ኢሳ፣ ይኼ ነገር ደግ አይደለም።»

«ተኛች እኮ፣ እትዬ።»

«አዎ፣ ተኛች። ስትነቃስ?»

ስትነቃ በር መክፈት ጀመረች። መጀመሪያ የጎረቤት ቁም ሣጥን። ቀጥሎ የግቢው መጸዳጃ፣ የዶሮ ቤት፣ መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ። ከመክፈቷ በፊት በጣቷ ታንኳኳለች፤ አይታ፣ ዘግታ፣ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። ሰፈሩ ሳቀ። «ፈታሿ መጣች፤ ዕቃችሁን ደብቁ!» ይሏታል። የባጃጅ ሹፌሮች መጋረጃቸውን ራሳቸው እየገለጡ «ግቢ፣ አለቃ፣ ኮንትሮባንድ የለም» ይሏታል። እሷ አትስቅም። ሥራ ላይ ናት።

ኢሳይያስም ከሰው ጋር ሳቀ፤ ፈለቀ ሱቅ ድረስ እየሮጠ እስኪመጣ። ፈለቀ ከሱቁ ዝቅ ብሎ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። የተሠሩ በሮች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ገና ቤት ያልገቡ፣ ወዴትም የማያስገቡ በሮች።

«ልጅህን ውሰዳት» አለው። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ምን ሰበረች?»

«ምንም። በሮቹን አንድ በአንድ እያንኳኳች ከጀርባቸው ታያለች። ልጫወትባት ብዬ ‹ደንበኛዬ፣ የትኛውን ልጠቅልልሽ?› አልኳት።»

«እና?»

«‹እማዬ ያለችበትን› አለችኝ።»

እዚህ ላይ ስህተቱን በጥሞና እንየው፤ ምክንያቱም ስህተቱ ከመጽሐፉ ብልሽት አልመጣም። መጽሐፉ በሚገባ ሠርቷል። የሚከፈት መጽሐፍ ለልጅ አንድ ነገር ያስተምራል፦ የማይታይ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ አንኳኪ፣ ክፈቺ፣ ካልሆነ በደንብ ዝጊና እንደገና ሞክሪ፤ ታገኚዋለሽ። ለሌላ ልጅ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። መርዶ ለተደበቀባት ልጅ ግን መጽሐፉና ልማዱ ተጋጠሙ። ልማዱ እናቷን ከበር ጀርባ አስቀመጠ፤ መጽሐፉ በሮች ሁሉ እንደሚከፈቱ ነገራት።

ኢሳይያስ የመጨረሻውን ገጽ ሊያወጣው ሞከረ። ሶሲ ማታ ስታጣው ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ጮኸች፤ መለሰው። ሊነግራት ሞከረ፤ አፉን ከፍቶ ስለ ፍየሉ አወራ። እንዲህ እየሆነ የሔርሜላ የመንፈቅ ተዝካር ደረሰ። ድግሱ ደካ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሄዳል፤ ልጅቷን የሚይዝ ሰው ቦንጋ አይቀርም።

«እዚያው ይነገራት» አሉ እትዬ የሺሃረግ። «አያቷ አለች።»

ኢሳይያስ እማማ ዘርትሁን ይነግሯታል ብሎ ሄደ። እማማ ዘርትሁን ደግሞ አባቷ ነግሯት ያመጣታል ብለው ጠበቁ። ሁለቱም ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው።

ወደ ደካ የሚወስደው የጌሻ መንገድ ጭቃ ነበር። ሶሲ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ መንገዱን ሙሉ አልተኛችም። ከመኪና ወርደው ወደ ቤቱ ሲቃረቡ ድንገት ቆመች። ሰማያዊ የእንጨት በር። ከታች ውሻ የላጠው። መጽሐፏን ከፈተች፣ አየች፣ ቀና አለች፣ አየች።

«ያዢልኝ» ብላ መጽሐፉን ለአክስቷ ሰጠች። እጇ ነፃ እንዲሆን። ከዚያ ሮጠች። ኢሳይያስ «ሶሲ!» አለ፤ ደርሶ አልያዛትም።

አንኳኳች።

«ማነው?» የአያቷ ድምፅ ነው፤ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፤ ሶሲ!»

ከፈተች። ግድግዳውን ተደግፈው በአግዳሚ ላይ የተቀመጡ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው አዩዋት። ሶሲ በተራ አየቻቸው። ከበሩ ጀርባም አየች። ከዚያ ወጣችና በሩን ዘጋች።

እንደገና አንኳኳች። እንደገና ከፈተች። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። እማማ ዘርትሁን ከአግዳሚው ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ፣ የኔ እናት፣ ግቢ።»

«ቆይ፣ እማማ» አለች ሶሲ። «በደንብ አልዘጋሁትም።»

በሩን ስባ ዘጋችው። ከውጭ ሆና በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ተጫነች፤ የደረሰችበትን ያህል፣ ጠርዝ ጠርዙን። ጠበቀች። ኢሳይያስ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ማንሳት ነበረበት፣ ማቀፍ ነበረበት፤ እግሩ ጭቃው ውስጥ እንደ ተተከለ ቀረ። ሶሲ በሩን ከፈተች። ከውስጥ የፈነዳው ለቅሶ የተዝካር ለቅሶ አልነበረም። ልጅቷ አላለቀሰችም። ሴቶቹን ካየች በኋላ ወደ አባቷ ዞራ እሱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ያን ቀን ማንም አልነገራትም። ሁሉም አልቅሶ ደክሞ ነበር። «ዛሬ ይለፍ፤ ደንግጣለች» ተባለ።

ቦንጋ ተመልሰው ሶሲ አባቷ ሱቅ ዋለች። ማታ ኢሳይያስ መጽሐፉን ይዞ አልጋው ጫፍ ተቀመጠ። ቅጠሉን አነሳ፤ ዶሮዋን አላየችም። የካርቶኗን ምላስ ጎተተ፤ ንቧ ወጣች፣ ገባች። ፍየሉ ጋ ሲደርስ «ቦታ የለም!» አለ፤ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ሰማያዊውን በር ሊያነሳ ጥፍሩን ጠርዙ ሥር ሰደደ። አልተነሳም። ዙሪያውን በኮላ ተጣብቋል። የተጣበቀውም ዝም ብሎ አይደለም፤ ኮላው ስስ ተደርጎ፣ ሳይፈስ፣ ከዚያ ካርቶን ተጭኖበት ደርቋል። ከእሱ እያየች የተማረችው ነው። ጥሩ ሥራ ነበር።

«ማን አጣበቀው?»

«እኔ።»

«ለምን፣ ሶሲዬ?»

«ይሄኛው ውሸት ነው» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ተኛች።

በሩን አላየችም። በነፋስ ሲነቃነቅ እንኳ ቀና አላለችም። ኢሳይያስ መቀሱን መጀመሪያ ያነሳው ልጁ ዓይኗን ከበሩ እንድታነሳ ነበር። አነሳች። ከዚያ ቀን ወዲህ በር አታይም፤ ክዳን አትነካም፤ ጎረቤት «ፈታሿ፣ ምነው ጠፋሽ?» ሲላት አልፋ ትሄዳለች። «እማዬስ?» ብላም አትጠይቅም። አባቷ ስለ ማንኛውም ነገር ሲናገር፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ቢላት እንኳ፣ ወደ ሰማይ አይታ ታረጋግጣለች።

ኢሳይያስ ወደ ጋሽ ገብረሚካኤል ሄደ። በሰፈሩ እድር መርዶ የሚነግሩ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?»

«ለማን?»

«ለሶሲ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ጎሕ ሲቀድ ነው የሚኬደው» አሉ። «ብቻ፣ ለብቻ አይኬድም። ለሰውየው ቅርብ የሆነው ከጎኑ ይቆማል፤ ሲወድቅ እንዲይዘው። ከዚያ ነገር አታስረዝምም። ‹አርፏል› ትላለህ። ‹ታሞ ነው፣ ሄዶ ነው› አትልም። አብረኸው ታለቅሳለህ።»

«ለምን ጠዋት?»

«ማታ የነገርከው ሰው ሌሊቱን ብቻውን ነው የሚገፋው። ጠዋት ስትነግረው ቀኑ አለለት። ሰው ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ፀሐይ ትወጣለች። መርዶ በመኝታ ሰዓት አይነገርም።» ቀና ብለው አዩት። «አንተ በመኝታ ሰዓት ምን ስትነግራት ነበር የከረምከው?»

«አለች እያልኩ።»

ጋሽ ገብረሚካኤል ከዘራቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት ላይ ተከሉ።

«ለሕፃን ነግረው ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

«አላውቅም። ለሕፃን የሚሆን መርዶ የለንም። እንዳይከፋው ነው እንላለን። እኔን ከጠየቅኸኝ ፈርተን ነው።»

ኢሳይያስ አሁን አዲስ ገጽ እየሠራ ነው። የማታ አይደለም፤ የጠዋት። ብዙ ሞክሯል። በመጀመሪያ ከክዳኑ ሥር መቃብሩን ሣለ፤ ልጅ ከፍታ ያንን ታግኝ ማለት ከበደው፤ ቀደደው። ቀጥሎ ከክዳኑ ሥር ምንም ሳይሥል ነጭ ተወው። ይህኛው ልክ መስሎት ነበር፤ ግን ደጋግሞ ሲከፍተው ነጭ ቦታ ገና ያልተሣለ ይመስላል፤ ልጅ ነገ ይሣላል ብላ ትጠብቃለች። በመጨረሻ የገባው ክዳኑ ራሱ ስህተት መሆኑ ነው። የሚከፈት ነገር ሁሉ የሚገኝ ነገር አለ ይላል። ስለዚህ ሰማያዊውን በር ክፍት አድርጎ ሊሠራው ነው፤ ወደ ኋላ ተገልብጦ የተጣበቀ፣ የማይዘጋ። ውስጡ እንዳለው ይታያል፤ አግዳሚው፣ ጥቁር የለበሱት ሴቶች፣ እማማ ዘርትሁን። ደፍ ላይ አንድ ሰውና አንዲት ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ሶሲ ዘግታ ያጣበቀችውን እሱ ከፍቶ ያጣብቃል።

ግን በሩ አልያዝ ብሎታል። ላሚኔት የሆነ ወረቀት አንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ከለመደ ወደዚያው ይመለሳል፤ አቡጀዲውም እርጥበት ሲነካው ይሰበሰባል። ካርቶን ጭኖበት ሲያድር ክፍት ነው፤ ጠዋት አልጋው አጠገብ ሲደርስ በዝግታ ተነስቶ ግማሹ ተዘግቷል። ከሥዕሉ በታች አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ጮክ ብሎ ይለማመደዋል።

በየጠዋቱ ጎሕ ሲቀድ ጋሽ ገብረሚካኤል ይመጣሉ፤ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ የሺሃረግ ከአልጋው ራስጌ ይቆማሉ፤ ከወደቀች ሊይዟት። ሶሲ ነቅታለች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው፤ እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል ከትታለች። ኢሳይያስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ገጹን አጠገቧ ያደርጋል፤ ይጀምራል፤ ድምፁ ይቆረጣል። ሽማግሌው «ግድ የለም፣ ነገም ይነጋል» ብለው ከዘራቸውን ያነሳሉ። ሶሲ አትዞርም።

ዛሬም መጥተዋል። ውጭ ያካፋል። ሰማያዊው በር ደግሞ ሊዘጋ ቀስ እያለ ነው። ኢሳይያስ አውራ ጣቱን በሩ ላይ ጭኖ፣ እንዳይመለስ ይዞ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ሶሲዬ፣ እማዬ…»